በእርሳስ የጠቆሩ ስሞች

«አንቺ ልጅ፥ መልክሽን አልጠላሁትም። ሙያም አታጪም ይላሉ። የጠላሁት ዘርሽን ነው። የዕውር ዘር ከቤቴ አላስገባም!»

እንዲህ ያለችኝ የሙሉቀን እናት እሜቴ የውብዳር ናት። በሐሜት አልደረሰኝም፤ ፊት ለፊቴ ቆማ ነው ያለችኝ። ልጇ ሙሉቀን እኔን ለማግባት ሦስት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገና የቀረበላቸውን ጠላ እንኳ ሳይጨርሱ፥ እሷ ሳትጠራ ከኋላቸው ደረሰችና ነጠላዋን እንዳጣፋች በራችን ላይ ተገተረች። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ እየበላ ነበር። የአባቴ ሁለቱም ዓይኖች አያዩም። ቃሉን ሲሰማ አፉ ውስጥ የነበረውን ጉርሻ አላላመጠውም፥ አልተፋውምም። ጉንጩ እንዳበጠ ቀረ። ስድቡንስ ችዬው ነበር፤ ያን ጉንጭ ግን ልረሳው አልቻልኩም።

«እሳቸው» ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ናት፤ የሊቅ ልጅ ናት። ፊት ለፊቷ ስቆም «እርስዎ» እላታለሁ፤ ከኋላዋ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማችን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ፥ ጠዋት ገብቼ ማታ የምወጣ፥ የመጣልኝን የምናገር ልጅ ነበርኩ። «ትርንጎ ምላሷ ሳይሞረድ ይቆርጣል» ይሉኛል። ከሽማግሌው ቀን በኋላ ግን ሌላ ስም ወጣልኝ። ቧንቧ ላይ ስሰለፍ ሴቶቹ «ለዕውር ዘሯ አሳልፉላት፥ እንዳትደናቀፍ» ብለው ይስቁ ጀመር። እኔም ስቄ እቀዳለሁ። ቤቴ ስገባ ግን አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፦ ይህቺን ሴት በሰው ፊት፥ አባቴ እየሰማ፥ ያንኑ ቃል ማስዋጥ።

ሙሉቀን አልተወኝም። አንደኛ ደረጃ ያስተምራል፤ ልስልስ ያለ፥ ከማንም ጋር የማይጣላ ሰው ነው። «እናቴን ተያት» አለኝ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ። «ፋሲካ ይለፍ፥ ማርቆስ ሄደን በማዘጋጃ እንፈራረማለን። የሚጠይቁን ሁለት ሁለት ምስክር ነው፤ እዚያ ቤት የሚቆጥር የለም።»

ቤት መቁጠሩን ለከተሜዎቹ ላስረዳ። በኛ አገር ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት የወንዱም የሴቷም አባት፥ አያት፥ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት ትውልድ ይጠራል። አንድ ስም ከተገናኘ ሥጋ ናቸው፥ አይጋቡም። የኛ ነገር ግን እዚያ ድረስ አልሄደም። ሽማግሌው ሳይቆጥር እሜቴ የውብዳር በስድብ ሰበረችው።

እኔም እሺ ብዬ ፋሲካን መጠበቅ ያዝኩ። ሙሉቀንን እወደው ነበር። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ያደረግኩትን ስታነቡ «ድሮም አትፈልገውም ነበር» እንዳትሉኝ ነው።

በጾሙ መካከል ከአዲስ አበባ የዓይን አጥኚዎች መጡ። ከተማችን ያለው ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን እንደሚቆዩ በቤተ ክርስቲያን ተነገረ። አባቴን እየመራሁ ወሰድኩት። ዶክተር ሳሙኤል የሚባል ቀጭን ሰው፥ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ፥ አባቴን ሲያይ ቆይቶ ወንበሩን አስጠጋ።

«አባት፥ ይሄ ግላኮማ ይባላል። ዓይን ውስጥ ያለው ውኃ መውጫው ሲጠብበት ግፊቱ ይበረታና ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይገድለዋል። አያምም። መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር የዳሩ ነው፤ መካከሉ ስለሚታይ ሰውየው አያውቅም። የጠፋው አይመለስም፤ ገና ያልጠፋውን ግን በጠብታም በቀዶ ጥገናም ማትረፍ ይቻላል።»

«እንዲያ ከሆነ መተት አይደለም?» አለ አባቴ።

«አይደለም።»

«እርግማንም አይደለም?»

«አይደለም አባት። በዘር የሚመጣ በሽታ ነው።»

«ወይ ጉድ! እንዲያው ሃያ ዓመት ሙሉ ጎረቤቴን በከንቱ ጠርጥሬዋለሁ በለኛ!»

ዶክተሩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔ ግን «በዘር» የሚለው ቃል ወግቶኛል። «ዘር ዘር አትበለን፤ ያን ቃል ሌላም ሰው ብሎናል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ አልተቆጣም። ድሮ አጥኚዎች አንድ ጥፋተኛ ዘረ መል ይፈልጉ እንደነበር፥ በአንዳንድ ቤተሰብ በተለይ በልጅነት የሚጀምረውን አንዱ ብቻውን እንደሚያመጣው፥ በአብዛኛው ሰው ላይ ግን ብዙ ጥቃቅኖች ተጋግዘው እንደሚያመጡት አሁን አሁን እንደታወቀ አስረዳኝ።

«በወንፈል ነዋ የሚያጠፉን!» አለ አባቴ።

«በወንፈል!» ዶክተሩ ጭኑን መታ። «ይህቺን ቃል ወስጃለሁ። ችግሩ ምን መሰለዎት አባት፥ እስከ ዛሬ የተጠናው አብዛኛው የነጮቹ ዘር ነው። የእኛ ገና አልተነበበም። እኛን የሚያጠፉን የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ ሰው የታመመበት ቤተሰብ እንፈልጋለን። ስለ ዘመዶቻችሁ ብጠይቅዎትስ?»

አባቴ ወደኔ ጠቆመ። «እሷን ጠይቃት። ገና እግሯ ሳይጠና ነው ያስቆጠርኳት።»

ቆጠርኩለት። «ዳምጤ፥ አለሙ፥ ውበቱ፥ ደሴ፥ ቢተው።» ከዚያም በላይ ያሉትን ሁለቱን፥ በየቤቱ ያሉትን ወንድምና እኅቶች፥ ማን የት እንዳገባ። እስክሪብቶው አልደርስልህ አለው። ዓይናቸው የጠፋውን ሲጠይቀኝ አራት ጠራሁለት፦ አባቴ ዳምጤ፥ አክስቴ፥ አያቴ አለሙ፥ ከላይ ደግሞ የዋርካው ቢተው። «የቢተውን ግን መብረቅ ነው ያጠፋው ይላሉ፤ ዋርካ ሥር ተጠልሎ» አልኩት።

«መብረቅ…» ብሎ ፈገግ አለና የቢተውንም አጠቆረው። ወንድ አራት ማዕዘን፥ ሴት ክብ፥ ዓይኑ የጠፋ በእርሳስ ይጠቁራል። «ይሄን የምታውቅ ሰው ከአዲስ አበባ ይዤ አልመጣሁም። ነገ ከእኛ ጋር ሥሪ። አንድ ነገር ግን ስሚኝ፦ ሰው ሁሉ ብቻውን ነው የሚጠየቀው፥ በሩ ተዘግቶ። የሰው ዘር የሰው ገመና ነው። ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«እሺ» አልኩት። እሺ ስለው ከልቤ ነበር።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበርና የጤና ጣቢያው ግቢ ሞላ። ለጥናቱ የሚወሰደው ደም አልነበረም፥ ምራቅ ነው፤ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ትፍ ይባላል፤ እኔና አባቴ ጠዋት ሰጥተናል። መሪጌታ ፈንታ፥ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ የነበሩት፥ ብልቃጡን በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጡት።

«ልጄ፥ እኔ ምራቄን ከዋጥኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ዛሬ ደግሞ ትፋ ትለኛለህ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ነርሷም ሳቀች። መሪጌታም ለምርቃት እንደሚያደርጉት ትፍትፍ አሉና «በሉ፥ ጥናታችሁን ይባርክላችሁ» ብለው ተቀመጡ።

ረፋዱ ላይ እሜቴ የውብዳር መጣች። ሙሉቀን ጥላ ይዞላት ከኋላዋ ነው። የመጣችው ለጥናቱ አይደለም፤ ዳዊት መድገሚያ መነጽር ያድላሉ መባሉን ሰምታ ነው። በሩን ስታልፍ ግራ ትከሻዋን ከመቃኑ ጋር አጋጨችው። «ይሄን በር ማን አጠበበው!» ብላ በሩን ተቆጣችው። እኔ ግን አየሁ። አባቴም ገና ሳይታወቅበት በግራ በቀኝ ከበሩ ጋር ይጣላ ነበር።

ተራዋ ደርሶ ገባች። እኔ ጥግ ላይ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። አላወቀችኝም ወይም እንዳላወቀች ሆነች።

«እናት፥ በዘርዎ ውስጥ ዕውር አለ?» አላት ዶክተሩ።

«በእኔ ዘር? ዕውር?» ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «እግዚኦ በል! እኛ የሊቃውንት ቤት ነን። ዕውር ከፈለግህ ሰፈሩ ሌላ ነው።» ይህን ስትል አገጯን ወደኔ አዞረች። አውቃኝ ኖሯል።

ዶክተሩ «የለም» ብሎ ጻፈ። የዓይኗን ግፊት ለመለካት ተራ ጠብቂ ተብላ ወጣች። እሱም በዚያው ግፊቱን ለማስታገስ ለጠብታ ተቀጥሮ የነበረውን አባቴን አስገብቶ በሩን ዘጋ።

ስህተቱ ገብቶኛል። ዶክተሩ የሸዋ ሰው ነው፤ በኛ አገር የቅኔ መምህር ዕውር እንደማይባል አያውቅም። ዕውር የሚባለው ገበሬ ነው፥ ለማኝ ነው፥ አባቴ ነው። ሊቅ ሲሆን «ዓይናቸውን ለምሥጢር ሰጡ» ይባላል። በዚያ ቤት ዕውር የሚለው ቃል ገብቶ አያውቅምና «አለ ወይ?» ብትላት «የለም» ማለቷ መዋሸቷ አይደለም። የእሜቴ የውብዳር አያት የኔታ ዐሥራት ደግሞ እጃቸውን ተይዘው ወንበራቸው ላይ የሚወጡ መምህር እንደነበሩ የማያውቅ የአገር ሰው የለም።

ጥያቄውን ለማረም በሩን አንኳኩቼ ዶክተሩን ልነግረው እችል ነበር። ወረቀቴንና እርሳሴን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ።

እሜቴ የውብዳር ከመሪጌታ ፈንታ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ዙሪያዋ ሠላሳ የሚሆን ሰው አለ፤ የቧንቧዎቹ ሴቶችም አሉ። ፊት ለፊቷ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ፥ ድምፄን እንደ ማር አለሰለስኩት።

«እሜቴ፥ ዶክተሩ የአገሩን ወግ ስለማያውቅ በደንብ አልጠየቀዎትም። በዘርዎ ዓይናቸውን ለምሥጢር የሰጡ ሊቃውንት አሉ?»

ፊቷ በራ። «እንዲህ ጠይቂ እንጂ! የሉም ወይ! አያቴ የኔታ ዐሥራት የቅኔው ባሕር፤ ሥጋዊ ዓይናቸው ሲጠፋ የመንፈሱ በራ።»

አራት ማዕዘን ሣልኩ፥ አጠቆርኩት። «ሌላስ?»

«ወንድማቸው መሪጌታ እንግዳስ! ድጓውን በቃላቸው ነው የሚመሩ። መብራት አይሹም።»

አጠቆርኩት። «ሌላስ እሜቴ?»

«አጎቴ አባ ተክሌ። ገዳም ገብተው እዚያው ከዓለም ተሰወሩ፤ ዓይናቸውም አብሮ ተሰወረ። የአባቴ እኅት እማሆይ አጸደስ? የዘጠና ዓመት ዕድሜ፥ ግማሹን በጨለማ በጸሎት!» ቆጠራው እየጣማት መጣ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ መሪጌታ ፈንታ ብቻ ጢማቸውን እያሻሹ ወረቀቴን ያያሉ።

«የኔታ ዐሥራት የማን ልጅ ናቸው?»

«የጓዴ። ጓዴ ቢተው።»

እርሳሴ ቆመ።

«የትኛው ቢተው?»

«ምን የትኛው አለ! የዋርካው ቢተው ነዋ። ዋርካ ሥር ሱባኤ ይዘው ሳሉ ብርሃን ወርዶላቸው ዓይናቸውን ለብርሃኑ የሰጡ። ጓዴን ለትምህርት ሲሰጡ ሌላው ልጃቸው እርሻ ላይ ቀረ ይባላል፤ የት እንደደረሰ እንጃ።»

የት እንደደረሰማ አውቃለሁ። ደሴ ይባላል። የእኔ አያት አባት አባት ነው። መብረቅ ያልነውና ብርሃን ያሉት አንድ ሰው ነበር።

በወረቀቱ ሥር በጣቴ ቆጠርኩ። እኔ ከዳምጤ፥ ከአለሙ፥ ከውበቱ፥ ከደሴ፥ ከቢተው፤ አምስት። ሙሉቀን ከእናቱ፥ ከአባቷ ከተገኘ፥ ከየኔታ ዐሥራት፥ ከጓዴ፥ ከቢተው፤ አምስት። ቀና ስል ሙሉቀን የእናቱን ጥላ እንደያዘ ከአጥሩ አጠገብ ቆሟል። ከእናቱ ጋር ተቀምጬ በሰላም ሳወራ ያየ መስሎት በደስታ ፈገግ አለልኝ። አባቴ ውስጥ ነው፥ አይሰማም። የእኔን ዘር እዚህ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ የዶክተሩ ወረቀትም ከክፍሉ አይወጣም። የላይኛዋን ስም ሳልጽፍ ብተዋት ፋሲካ ይመጣል፥ ማርቆስ እንሄዳለን፥ እንፈራረማለን።

እሜቴ የውብዳር «ጻፊ እንጂ! ወይስ አንቺም አይታይሽ ጀመር?» አለችኝ። የቧንቧዎቹ ሴቶች ሳቁ።

ጻፍኩት። አጠቆርኩትም።

«እሜቴ፥ እንኳን ደስ ያለዎት» አልኩ ተነሥቼ፥ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «ዘመድ ነን!»

«ምን?»

«እርሻ ላይ የቀረው ልጅ ደሴ ይባላል። ደሴ ውበቱን፥ ውበቱ አለሙን፥ አለሙ ዳምጤን፥ ዳምጤ እኔን ወለደ። የእርስዎ ብርሃንና የእኛ መብረቅ አንድ ቢተው ነው።» ወረቀቱን ወደ ሰው አዞርኩት። «ዶክተሩ ዓይኑ የጠፋውን በእርሳስ አጥቁሩ ነው ያለን። የእኛ አራት ነው። የእርስዎ አምስት። በልጠውናል!»

አንዲት ሴት ከኋላ «ኧረ ኡኡ!» አለች፥ ግቢው ተንጫጫ። መሪጌታ ፈንታ ወረቀቱን ተቀብለው ስሞቹን እየጠሩ ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አምስት ከአምስት። ሥጋ ናችሁ። የውብዳር፥ ያን ጊዜ ዝም ብለሽ ቤት አስቆጥረሽ ቢሆን ጋብቻው ያለ ስድብ፥ በሥርዓት ይቀር ነበር እኮ። ቸኮልሽ።»

«ውሸት ነው! የኔታ ዐሥራት ዕውር አይደሉም! እኔ የልጃቸው ልጅ ከዚህ ሆኜ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አያለሁ!»

«ጉልላቱንማ ያያሉ፤ ፊት ለፊት ነው» አልኳት። ዶክተሩ ጠዋት ሙሉ ሲያደርግ ያየሁትን ልድገመው ብዬ ተጠጋኋት። «ቀኝ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይያዙ። አፍንጫዬን ብቻ ይዩ። ጣቴ ስትታይዎት ይንገሩኝ።»

እልህ ይዟት ያዘች። ጣቴን በግራዋ በኩል ከጆሮዋ አጠገብ አንሥቼ አወዛወዝኩ። ሠላሳ ሰው ጣቴን ያያል። የእሷ ዓይን አፍንጫዬን ያያል።

«አንሺ እንጂ!» አለች።

ማንም አልሳቀም። ጣቴን እያወዛወዝኩ ወደ ፊት አመጣሁት፥ አመጣሁት፤ አፍንጫዬ አጠገብ ሊደርስ ሲል «አሁን አነሣሽ» አለች።

«የውብዳር» አሉ መሪጌታ ድምፃቸው ወርዶ፥ «ከቅድም ጀምሮ አንሥታዋለች።»

እጇ ከዓይኗ ላይ ወደቀ። ደስ አለኝ። የሆነብኝን ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ደስ አለኝ።

ዶክተሩ ጩኸቱን ሰምቶ ወጥቶ ነበር። ወረቀቱን ከመሪጌታ እጅ ሲያይ ገባው። «ትርንጎ፥ ምን ብዬሽ ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ። እርሳሱን ከእጄ ወሰደው። እሜቴ የውብዳርን ራሱ ደግፎ ወደ ውስጥ አስገባት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፥ ምራቋም ተወስዶ፥ ሲወጡ ፊቷ ሌላ ሆኗል፤ የግራው ዓይን ጭላንጭል ብቻ ቀርቶታል፥ የቀኙም ዳሩ ተበልቷል። በሚቀጥለው ሳምንት ማርቆስ ሆስፒታል ካልደረሰች የቀኙም ይከተላል።

ሙሉቀን ዶክተሩን ክንዱን ይዞ «የአምስት ቤት ሥጋ… በሳይንሱስ አይጋቡም?» ሲለው ሰማሁ።

«ወንድሜ፥ እኔ ቤት አልቆጥርም» አለው ዶክተሩ። «በሳይንሱ አምስት ቤት ሩቅ ነው። በሽታው ግን በሁለታችሁም ወገን አለ። ከሁለት በኩል ሊመጣ ይችላል፥ ላይመጣም ይችላል። አላውቅም፤ የመጣነው ስለማናውቅ ነው።»

«ሳይንሱ ቢፈቅድ ሥርዓቱ አይፈቅድም» አሉ መሪጌታ፥ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ዶክተሩ ወደኔ ዞሮ «ነርሷ ሥራ ይዛለች። የእናታችንን የቀጠሮ ወረቀት ሙዪላትና ሂጂ። ከእኔ ጋር ግን አትሠሪም» አለኝ። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። እሜቴ የውብዳር ፊት ለፊቴ ቆመች፤ አባቴን ነርሷ ይዛው ከጎኔ አቆመችው። ወረቀቱ ላይ ስም አለ፥ ዕድሜ አለ፥ «በቤተሰብ ውስጥ ዓይኑን ያጣ» የሚል መስመር አለ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት።

«አንቺው ታውቂው የለ።»

«ከእርስዎ አፍ ነው የምጽፈው። አባቴ እዚህ ቆሟል። ለእሱ ይንገሩት፥ እኔ እጽፋለሁ።»

እስክሪብቶዬን ክዳኑን ገጠምኩት። ቀጠሮው ሳይጻፍ ቢቀር ዓይኗ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ይህንንም ልዋሻችሁ አልፈልግም፦ ዝም ብትል ኖሮ እጽፍላት እንደነበር ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

«አያ ዳምጤ» አለች በመጨረሻ። «እኔም… የዕውር ዘር ነኝ።»

«አልተሰማኝም» አልኩ።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ አባቴ። «ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ጻፊላት።» ከዚያ ወደ ድምፅዋ ዞረና «እሜቴ፥ ጠብታው መጀመሪያ ያቃጥላል። ይለመዳል ብለውኛል፤ አይተዉት» አላት።

ጻፍኩላት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፥ ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አንዳንዶቻችሁ ልጅቷ ተጸጽታ ይሆናል ብላችሁ እየጠበቃችሁ ነው፤ አትጠብቁ። ያ ቃል በሰው ፊት ተነግሯል፥ በሰው ፊት ተመልሷል። የምጸጸትበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሠላሳ ሰው ፊት የሙታኑንም ስም ማጥቆሬ፥ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። ዶክተሩ ማባረሩ ልክ ነበር።

የተለወጠውን ግን ልንገራችሁ። ዘር የሚለውን ቃል ስሰማ አልደነግጥም፤ ምን እንደሆነ በእጄ ሥዬዋለሁ። በየዓመቱ ማርቆስ ሄጄ ዓይኔን እለካለሁ፤ እስካሁን ደህና ነው። እናንተም ከእናት ከአባታችሁ ወይም ከወንድም ከእኅታችሁ አንዱ ዓይኑ እንዲያ ሆኖ ከጠፋ፥ አላመመኝም፥ ጉልላቱ ይታየኛል ብላችሁ አትቀመጡ። ቤታችሁንም ስትቆጥሩ ሊቅ ብላችሁ ያለፋችሁትን ሰው አትዝለሉ። ጥናቱ ምን ላይ እንደደረሰ አላውቅም፤ ምራቃችን የሆነ ቦታ፥ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ፥ የእኔም የእሷም ጎን ለጎን ይኖራል። ይሄ ሲታሰበኝ ያስቀኛል።

የቀረችኝ የዚያ ቀን መጨረሻ ናት።

ቀጠሮውን ሰጥቻት አባቴን ይዤ ስወጣ ሙሉቀን የግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጥላውን አጣጥፎታል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሲያወራ ግን እንደ ልማዱ ድምፁን አላነሣም።

«መሪጌታ እንኳ የአንቺን ዘር አያውቁትም ነበር» አለኝ።

«አያውቁትም።»

«ወረቀቱ በእጅሽ ነበር። እርሳሱም።»

«ነበር።»

«አንዲት ስም ነበረች፥ ትርንጎ። ብትተያት ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም።»

አባቴ ክንዴን ጠበቅ አደረገ። ከበሩ ጎን ያለችውን ድንጋይ እንዳይመታት አሳለፍኩትና መንገዱን ተሻግረን ሄድን።